የሚያፈስ የሞተርሆም መስኮት፦ ነቅሎ እንደገና ማሸግ

የሚያፈስ የሞተርሆም (ውስጡ እንደ ቤት የተሠራ መኪና) መስኮት ላይ ከውጭ ሲሊኮን መለቅለቅ ችግሩን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ለአንድ የዝናብ ወቅት ሊያስታግስ ይችላል። ከዚያ ውሃው ሌላ መንገድ ያገኛል፤ ያውም በግድግዳው ውስጥ። መፍትሔው መስኮቱን ነቅሎ፣ አሮጌውን ማሸጊያ ጠርጎ፣ በአዲስ መልሶ መግጠም ነው። ሲሰሙት ያስፈራል። ሥራው ግን ከሚታሰበው ይቀላል። የሚያደክመው ጽዳቱ ነው።

የምንኖረው ሲያትል አካባቢ ነው። እኔና ባለቤቴ ያገለገለ ሞተርሆም፣ እዚህ እንደሚሉት አርቪ፣ ገዝተናል። ፎርድ ኢ-450 ላይ የተሠራ፣ ከሹፌሩ በላይ አልጋ ያለው፣ እዚህ «ክላስ ሲ» የሚሉት ዓይነት ነው። ዘመድ ሁሉ ሳቀብን። «ቤት እያላችሁ መኪና ውስጥ ለማደር ትከፍላላችሁ?» አሉን። አሁን ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር ልጆቻቸውን ይዘውልን ይመጣሉ።

ያስቸገረን ከምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ያለው ትልቁ መስኮት ነው። ኦሎምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሆህ የሚባል ደን አለ። በዓመት ከ3 ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። አሮጌ መኪና ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለማወቅ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። እዚያ አድረን ጠዋት ስንነሳ የመቀመጫው ስፖንጅ ርሷል። ከመስኮቱ በታች ያለው ግድግዳ አብጧል፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ጥገና ቤት ደውለን የሰዓት ዋጋቸውን ሰማን። ወረፋው ደግሞ እስከ መኸር ይደርሳል። አመስግነን ስልኩን ዘጋን።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ አሠራሩን ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩት አብዛኞቹ አርቪዎች መስኮታቸው ሁለት ፍሬም አለው። አንደኛው የውጩ ነው። መስታወቱን የያዘው እሱ ነው። ዙሪያውን ጠፍጣፋ ክንፍ አለው፤ ክንፉ ከውጭ በኩል ግድግዳው ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ከውስጥ የሚገጠም ቀለበት ነው። ብሎኖቹ በቀለበቱ አልፈው የውጩ ፍሬም ላይ ይጠብቃሉ። ሲጠብቁ ሁለቱ ተሳስበው ግድግዳውን መሃል ላይ ይቆነጥጡታል። ግድግዳውን የሚበሳ አንድም ብሎን የለም። መስኮቱ የቆመው በመቆንጠጥ ብቻ ነው።

ውሃውን የሚያቆመው ታዲያ በክንፉና በግድግዳው መሃል የተጨመቀው ማሸጊያ ነው። ይህ ቢውቲል ቴፕ ይባላል። በጥቅል የሚሸጥ፣ እንደ ታኘከ ማስቲካ የሚለጠጥና የሚጣበቅ ጎማ ነው። ጥሩነቱ አለመድረቁ ነው። መኪናው መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ግድግዳው በፀሐይ ሲለጠጥና በብርድ ሲሰበሰብ አብሮ ይንቀሳቀሳል። በዓመታት ብዛት ግን ብሎኖቹ ይላላሉ፤ ቴፑ ይሳሳል፤ ከላይኛው ጠርዝ ላይ ክፍተት ይፈጠራል። አንዳንድ ፋብሪካ ደግሞ በቢውቲል ፈንታ ርካሽ ፑቲ ይጠቀማል። እሱ ይደርቃል፤ ይሰነጣጠቃል፤ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል ባልልም ወደዚያው ነው።

ከውጭ የሚለቀለቀው ሲሊኮን ለምን እንደማይረዳ ከዚህ ይገባችኋል። የተበላሸው ማሸጊያ ከክንፉ ሥር ነው። እናንተ የምትቀቡት ጠርዙን ነው። ይባስ ብሎ የታችኛውን ጠርዝ ከደፈናችሁት፣ ከላይ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። መውጫ ያጣ ውሃ እንጨቱን እየበላ ይቀመጣል። የእኛ መኪና የቀድሞ ባለቤት ያደረገው ይህንኑ ነው። ዙሪያውን አንድ ቦታ ሳይቀር ለቅልቆታል።

ሆኖም ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት ጥፋተኛው መስኮቱ መሆኑን አረጋግጡ። ውሃ አንድ ቦታ ገብቶ ሌላ ቦታ ነው የሚወጣው። ከጣሪያው ጠርዝ የገባው በግድግዳው ውስጥ ይወርድና የመስኮቱ ፍሬም ላይ ሲደርስ ብቅ ይላል። ክላስ ሲ ላይ የታወቁ ተጠርጣሪዎች አሉ። ከሹፌሩ በላይ ያለው አልጋ ጥጎች፣ ከፊት ከላይ የተደረደሩት ብርቱካንማ መብራቶች፣ ጣሪያውና ግድግዳው የሚጋጠሙበት መስመር፣ አሸንዳው። መስኮቱን ነቅላችሁ አሽጋችሁ ስታበቁ ውሃው ከመብራቱ ሥር መሆኑን ብታውቁ ያናድዳል።

ከሁሉ በፊት የፍሬሙን የታችኛ ጠርዝ ከውጭ እዩት። ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ተንሸራታች መስኮት ሐዲዱ ላይ ውሃ መያዙ አይቀርም፤ ውሃው በእነዚያ ቀዳዳዎች ነው የሚወጣው። አቧራ፣ የዛፍ ቅጠልና የሞተ ዝንብ ሲደፍናቸው ሐዲዱ ይሞላና ወደ ውስጥ ይገነፍላል። በስቴኪኒ ጠርጓቸው። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሐዲዱ ላይ አፍስሱ። ውጭ ከተንጠባጠበና ውስጡ ከደረቀ ችግራችሁ እዚያ ነበር። ጽሑፉን ተዉትና ቡናችሁን ጠጡ።

ቡና ካነሳሁ አይቀር፣ የመስታወት ላብም አለ። ጋዝ ሲነድ ራሱ እንፋሎት ያወጣል። እዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ጀበናው ተጥዶ፣ ሽሮው ተንተክትኮ፣ አራት ሰው ሲተነፍስ ያድራል። ብርድ ከሆነ መስታወቱ ላይ የሚወርደው ውሃ ዝናብ ሊመስላችሁ ይችላል። መለያው ቀላል ነው። ላብ ዝናብ በሌለበትም ሌሊት ይመጣል፤ ሁሉም መስኮት ላይ ይታያል። ፍሳሽ ግን ዝናብን ይጠብቃል፤ ቦታም ይመርጣል። (ዕጣን ማጨስ ለምትፈልጉ፦ የጭስ ማስጠንቀቂያው ከአልጋው በላይ ነው። አስቡበት።)

ጥርጣሬውን የሚያጠራው የውሃ ጎማ ነው። አንድ ሰው ውስጥ ባትሪ ይዞ ይቀመጣል። ውጭ ያለው ውሃውን ሳያስገፋ፣ ዝም ብሎ እየወረደ መጀመሪያ የመስኮቱን ታች ያርሰዋል። ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። ቀጥሎ ጎኖቹን፣ ቀጥሎ የላይኛውን ጠርዝ፣ መጨረሻ ላይ ጣሪያውን። ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም ነገር ባንዴ ይርሳል፤ ከየት እንደገባ አይታወቅም። በግፊት የሚረጭ የመኪና ማጠቢያ አትጠቀሙ፤ ደህናውንም ማሸጊያ አልፎ ይገባል። ውሃው በመስታወቱና በፍሬሙ መሃል የሚገባ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ያ የመስታወቱ ጓርኒሲዮን (መስታወቱን ዙሪያውን የያዘው ጎማ) ችግር ነው፤ የፍሬሙን ዙሪያ ማሸግ አያድነውም። የእኛ የላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ ውሃ እንደነካ ወዲያው ውስጥ ታየ። ፍርዱ ተሰጠ።

ወቅት ምረጡ። ሲያትል ላይ ዝናብ የሚቀንሰው በሐምሌና በነሐሴ ነው። አገር ቤት ሰማዩ ሲቀደድ እኛ ዘንድ ሣሩ ይደርቃል። ቢውቲል ብርድ አይወድም፤ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይደነድናል፤ በደንብ አይጣበቅም። በጣም ሲሞቅ ደግሞ ከወረቀቱ አልላቀቅ ብሎ ይጎተታል። ሙቀት ከሆነ ጥቅሉን ማቀዝቀዣ ውስጥ ትንሽ አቆዩት። ሥራውን ከጠዋት ጀምሩ። ምናልባት ሳይጠናቀቅ ቢመሽ ቀዳዳውን የሚሸፍን ወፍራም ላስቲክና ቴፕ ይኑራችሁ።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ቢውቲሉ 1 ኢንች ወይም ሦስት አራተኛ ኢንች ስፋት፣ አንድ ስምንተኛ ኢንች ውፍረት ያለው ይሁን። ጥቅሉ አብዛኛውን ጊዜ 30 ጫማ ነው። 48 በ24 ኢንች የሆነ መስኮት ዙሪያው 12 ጫማ ስለሆነ ሁለት መስኮት ያሽግና ይተርፋል። የላስቲክ ስፓቱላ ከአንድ በላይ ግዙ፤ ጫፉ ቶሎ ያልቃል። የብረት ስፓቱላ የፋይበርግላሱን ገጽ ይቧጭረዋል፤ ቤት ተዉት። አኳራጅ (ቀለም ማቅጠኛ)፣ አልኮል፣ ብዙ አሮጌ ጨርቅ፣ ጓንት። ብሎኖቹን ለመፍታት ደግሞ ጭንቅላታቸውን አስቀድማችሁ እዩ። አርቪ ላይ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ብሎን የተለመደ ነው፤ በተራ ካቻቪቴ ከታገላችሁት ትበሉታላችሁ።

ከዕቃ በላይ የሚያስፈልገው ሁለተኛ ሰው ነው። መስኮቱ የሚወጣው ወደ ውጭ ነው። እናንተ ውስጥ ሆናችሁ ስትፈቱ ውጭ ማንም ከሌለ አስፋልት ይቀበለዋል። መስታወቱ በሙቀት የጠነከረ ነው፤ ጠርዙን ከተመታ ግን ባንዴ ወደ ጠጠር ይቀየራል።

ጎረቤታችን ጋሼ፣ አዲስ አበባ እያሉ አናጢ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እጃቸው ሥራ ይናፍቃል። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ውጭ እቆማለሁ፤ አንቺ ፍቺ» አሉኝ። ባለቤቴ ሥራ ነበር። ቢኖርም ኖሮ ትራፓኖውን የምይዘው እኔው ነኝ።

መጋረጃውንና የመጋረጃውን ሳጥን አወረድን። ፎቶ አነሳን። ቀለበቱ ላይ በቴፕ «ላይ» እና «ታች» ብዬ ጻፍኩ፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ብሎኖቹ ቀዳዳቸውን ያጣሉ። ከዚያ ከታች ጀምሮ መፍታት። ከላይ ያሉትን ሁለት ብሎኖች እስከ መጨረሻው ተዉአቸው። ብሎኖቹን በአንድ ዕቃ አስቀምጧቸው። ከጠፉ ደግሞ ልካቸውን ይዛችሁ ሂዱ። ትንሽ የረዘመ ብሎን ብታስገቡ የውጩን ፍሬም ወይም መስታወቱን ይገፋዋል።

ቀለበቱ ሲወጣ መስኮቱ ንቅንቅ አይልም። አትደንግጡ፤ አሮጌው ማሸጊያ ይዞት ነው። የእኛ ላይ ደግሞ ያ ሁሉ ሲሊኮን አለ። ጋሼ ከውጭ በቀጭን ምላጭ ሲሊኮኑን ቆረጡት፤ ምላጩን ወደ ፍሬሙ አዘንብለው፣ ወደ መኪናው ገጽ ሳይሆን። ከዚያ የላስቲክ ስፓቱላውን ከክንፉ ሥር እያስገቡ በዝግታ ዞሩ። አንድ ቦታ ላይ በኃይል መፈንቀል የለም፤ አሉሚኒየሙ ይጣመማል፤ የተጣመመ ክንፍ ደግሞ መልሶ አይታሸግም። ስፓቱላ ያልደረሰበትን ጥግ በዓሣ ማጥመጃ ክር ቆረጥነው። ክሩን ሁለት ጫፍ ይዞ ወዲያና ወዲህ መሳብ ነው። ይሄ ዘዴ ከስፓቱላው ይልቅ ደስ አለኝ። እኔ ከውስጥ በመዳፌ ቀስ ብዬ ገፋሁ። «በቃ! መጣ» አሉ ጋሼ። ከሚመስለው ይከብዳል። አሮጌ ብርድ ልብስ ላይ አስተኛነው። ጋሼ ጋቢያቸውን ሊያነጥፉ ሲሉ ነው የከለከልኳቸው።

ግድግዳው ውስጥ ያየነው ደስ አያሰኝም። የእንዲህ ዓይነት መኪና ግድግዳ እንደ ሳንድዊች የተደራረበ ነው፦ ከውጭ ፋይበርግላስ፣ ቀጥሎ ቀጭን ኮምፔንሳቶ፣ መሃሉ ስታይሮፎም፣ ከውስጥ ሌላ ኮምፔንሳቶ። ቀዳዳው ዙሪያ ደግሞ እንጨት ይዞራል። የታችኛው እንጨት ጠቁሮ በጣት ይቆረሳል። ጋሼ በካቻቪቴ ወጋ ወጋ አድርገው ጥሩውንና መጥፎውን ለዩ። «ይሄ እንጨት አይደለም፤ ቆሎ ነው» አሉ።

እዚህ ላይ መቸኮል የለም። እንጨት እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ሲሆን ሻጋታና ብስባሽ አያድግበትም። እኔ በትንሽ የእርጥበት መለኪያ እያየሁ ከ15 በታች እስኪወርድ በማራገቢያ አደረቅኩት። ቀዳዳው ማታ ማታ በላስቲክ ተሸፍኖ ሰነበተ። እርጥብ እንጨት ላይ ማሸግ ማለት ውሃውን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን መጣል ነው። የበሰበሰውን ቆርጠን አውጥተን በልኩ የተቆረጠ የጥድ ጣውላ በኢፖክሲ አስገባን። ትንሽ የላላውን ቦታ ደግሞ እንጨት በሚያጠነክር ፈሳሽ አጠጣነው።

እንጨቱ ለምን አስፈለገ? መስኮቱ በመቆንጠጥ እንደሚቆም ተናግሬያለሁ። የሚቆነጠጠው ነገር ጠንካራ ካልሆነ ብሎኑን ብታጠብቁ ግድግዳው ይጨፈለቃል እንጂ ማሸጊያው አይጨመቅም። ስለዚህ አዲሱ እንጨት ከግድግዳው ውፍረት ጋር እኩል መሆን አለበት። የውጩ ፋይበርግላስ ከመስኮቱ ርቆ ያበጠ ከሆነ፣ በመዳፍ ሲመቱት ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ሽፋኑ ከእንጨቱ ተላቋል ማለት ነው። ያ ጊዜ ባለሙያ ጥሩ። እኔ አልነካውም።

አሁን ጽዳቱ። ቀኑ የሚያልቀው እዚህ ነው። ሁለት ገጽ አለ፤ የመኪናው ግድግዳና የፍሬሙ ክንፍ። ሁለቱም እንደ አዲስ መሆን አለባቸው። ወፍራሙን አሮጌ ቢውቲል በስፓቱላ ግፈፉት። የተረፈውን በራሱ በቢውቲል ማንሳት ይቻላል፤ የተላቀቀውን ጠቅልላችሁ ኳስ አድርጉና ቅሪቱ ላይ ጫን ነቀል፣ ጫን ነቀል። ይሠራል። ቀጥሎ አኳራጅ በጨርቅ። አኳራጁ ቅባት ጥሎ ስለሚሄድ መጨረሻው በአልኮል ይወለወላል። አሴቶን ቀለሙንና የጎን ሥዕሉን ሊያበላሽ ስለሚችል እኔ ራቅኩት።

ሲሊኮኑ ግን ሌላ ሰይጣን ነው። አኳራጅም አልኮልም አያሟሟውም። ከሱ ላይ ደግሞ ምንም ነገር አይጣበቅም፤ አዲስ ሲሊኮን እንኳ በወጉ አይይዝም። በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ከቀረ ቢውቲሉ እዚያ ቦታ ላይ ይከዳችኋል። በስፓቱላ፣ ከዚያ በሲሊኮን ማስለቀቂያ፣ ከዚያ በሻካራ ስፖንጅ፣ ከዚያ እንደገና። ማረጋገጫው ውሃ ነው። ገጹ ላይ ጥቂት ውሃ ስታፈሱ ጠብታ ጠብታ ሆኖ የሚሸሽበት ቦታ ካለ ሲሊኮኑ አሁንም እዚያ አለ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲሊኮን ጌታ ነው። አርቪ ግድግዳ ላይ የቀባው ሰው ግን ከሱ በኋላ ስለሚመጣው ሰው አላሰበም።

ፍሬሙ ተኝቶ ሳለ ሐዲዱን፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹንና መስታወቱን የያዘውን ጎማ አጽዱ፤ ሁሉም እጅ ሥር ነው።

ቢውቲሉን የምንለጥፈው ፍሬሙ ላይ ነው፤ ግድግዳው ላይ አይደለም። ፍሬሙን መስታወቱን ወደ ታች አስተኝታችሁ ክንፉን ተከትላችሁ ዙሩ። ቴፑን አትሳቡት። የተሳበ ቴፕ ይሳሳል፤ ጥግ ላይ ደግሞ ተመልሶ ይሰበሰባል። ወረቀቱን ከላይ እንዳለ ትታችሁ በጣት ተጫኑት፤ ጥጉ ላይ ሳትቆርጡ አጠፍ አድርጋችሁ አዙሩት። መነሻውና መድረሻው የሚገናኙበትን ቦታ እኔ ከታች መሃል ላይ አደረግኩት፤ ዝናቡ በቀጥታ የሚያርፈው የላይኛው ጠርዝ ላይ ስለሆነ እዚያ ስፌት አልፈልግም። ሁለቱን ጫፍ ጥቂት አደራርባችሁ በጣት አዋህዷቸው። በላይኛዎቹ ሁለት ጥጎች ላይ ተጨማሪ ትንሽ ቁራጭ ጨመርኩ። ቢበዛ ይወጣል፤ ቢያንስ ያፈሳል።

ወረቀቱ ከተላጠ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ያለ ቴፕ አንድ ጊዜ ገጥማችሁ ሞክሩ። ዙሪያው ያለው ክፍተት እኩል እንዲሆን በሰማያዊ ቴፕ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። እኛ ምልክቱን አይተን የታችኛውን ጠርዝ መጀመሪያ አሳረፍነው፤ ከዚያ ወደ ላይ ገፋነው። ጋሼ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተደግፈውት ቆሙ። እኔ ሮጬ ገባሁና ቀለበቱን ያዝኩ።

ብሎን ማጥበቁ ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ ብቻ አስገቡ፤ አንዱንም አታጥብቁ። ቀጥሎ ከጎኖቹ መሃል ጀምራችሁ፣ አንዱን ካጠበቃችሁ ፊት ለፊቱ ያለውን እያደረጋችሁ ዙሩ። በየዙሩ ትንሽ ትንሽ። ትራፓኖ ከተጠቀማችሁ ኃይሉን ዝቅተኛው ላይ አድርጉት፤ የመጨረሻውን ዙር በእጅ። ብሎኑ የሚይዘው ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ አንዴ ከዞረ ሁለተኛ አይነክስም። «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ» ይላሉ ጋሼ ከውጭ። ትክክል ናቸው። ቢውቲል የሚሸነፈው ለጊዜ ነው እንጂ ለጉልበት አይደለም። ስትጠብቁለት ራሱ እየተጨመቀ በክንፉ ዙሪያ ይወጣል። ዙሪያውን ሁሉ ከወጣ ጥሩ ምልክት ነው። ያልወጣበት ቦታ ካለ እዚያ ጋ ያለውን ብሎን እዩት።

ትርፉን በዚያኑ ሰዓት አትቁረጡ። አንድ ሌሊት ይደር፤ ፀሐይ ይንካው። በማግስቱ ብሎኖቹ ላልተው ታገኟቸዋላችሁ፤ ምክንያቱም ቴፑ ተጨምቆ ቀጥኗል። እንደገና አንድ ዙር አጥብቁ። ከዚያ ትርፉን በላስቲክ ስፓቱላ፣ ጠርዙን ተከትላችሁ ቁረጡ። ስፓቱላውን በሳሙና ውሃ ብትነክሩት አይጣበቅም።

ከውጭ የመጨረሻ መስመር ማሸጊያ መቀባት ግዴታ አይደለም። እኔ ቀብቻለሁ፤ ቢውቲሉን ከፀሐይና ከአቧራ ይጠብቃል። ለአርቪ የሚሸጡ አሉ፤ ዳይኮር ወይም ጂኦሴል ፕሮፍሌክስ የሚባሉት የታወቁ ናቸው። ስትገዙ ግን ልብ በሉ፤ ራሱ የሚዘረጋው ዓይነት ለጣሪያ ነው። ግድግዳ ላይ ከቀባችሁት ይወርዳል። ለግድግዳ የማይወርደውን ጠይቁ። የላይኛውንና ሁለቱን ጎኖች ብቻ ቀቡ። ታችኛውን ክፍት ተዉት። እንደምንም ከላይ የገባች ጠብታ ብትኖር በታች ትውጣ። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹንማ በፍጹም እንዳትደፍኗቸው። አንዳንድ ሰው ታችኛውንም ካልደፈንኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ የበሰበሰውን እንጨት በእጄ ቆርጬ አውጥቻለሁ።

መስኮታችሁ ቀይ መያዣ ያለው የአደጋ ጊዜ መውጫ ከሆነ ሥራውን ስታበቁ ከፍታችሁ እዩት። ማሸጊያ ወደ ማጠፊያው ገብቶ ከያዘው በጭንቅ ሰዓት አይከፈትም።

ከዚያ ያው የውሃ ጎማ ፈተና፣ ከታች ወደ ላይ። ጋሼ ጎማውን ይዘው፣ እኔ ውስጥ ወረቀት ሶፍት ፍሬሙ ሥር ደርድሬ። ሶፍት ጥሩ መርማሪ ነው፤ ዓይን የማያየውን ጠብታ ያሳያል። ደረቅ ሆኖ ወጣ። ቢሆንም የውስጡን ግድግዳ ወዲያው አልዘጋነውም። አንድ ጥሩ ዝናብ አሳልፈን፣ በመለኪያው አይተን ነው የሸፈንነው።

መኪናችሁ እንደ እኛ ለስላሳ ፋይበርግላስ ካልሆነና ውጩ የተሸበሸበ የአሉሚኒየም ላሜራ ከሆነ ዘዴው ያው ነው፤ ግን አንድ ንብርብር ቴፕ አይበቃም። ክንፉ ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ያርፍና ጎድጓዳው ቦታ ክፍት ይቀራል። መጀመሪያ ጎድጓዳዎቹን በቢውቲል ቁራጭ ሙሏቸው፤ ከዚያ ነው ዙሪያውን የምትለጥፉት።

አውሮፓ ላላችሁ ደግሞ፦ እዚያ የሚሠሩ ሞተርሆሞች መስኮት በአብዛኛው ድርብ አክሪሊክ እንጂ መስታወት አይደለም። ፍሬም ያላቸውን የማሸጉ መርህ ተመሳሳይ ነው። ነገር ግን አኳራጅም፣ አልኮልም፣ መስታወት ማጽጃም አክሪሊኩን እንዳይነኩት። መጀመሪያ ምንም አይመስልም። በኋላ ገጹ በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላል፤ ያ አይጠገንም። አክሪሊኩን በለስላሳ ሳሙናና በውሃ ብቻ፤ ማሟሟቻውን ለፍሬሙና ለግድግዳው ብቻ፣ በጨርቅ እያደረጋችሁ። ፍሬም የሌለው፣ በወፍራም የጎማ ጓርኒሲዮን ብቻ የተያዘ መስኮት ካላችሁ ግን ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም። እሱ በክር እየተሳበ የሚገባ ነው፤ ጎማው ከደረቀ ጎማው ራሱ ይቀየራል።

የተረፈውን ቢውቲል በላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ ጥላ ቦታ አስቀምጡት። ከፊት ያሉት ብርቱካንማ መብራቶች ሥርም የሚገባው እሱው ነው፤ እኛም ወደዚያ ዞረናል። የዝናቡ ወቅት ሳይገባ የኋላኛውን መስኮት ጨምረን ልንነቅል ነው። ጋሼ ከአሁኑ ስፓቱላቸውን ሞርደው ይጠብቃሉ፤ የላስቲክ ስፓቱላ አይሞረድም ብላቸው አልሰማ ብለውኛል።